የዶክተር ካዋሳኪን ጥናት አንብቤ ጨረስኩ፤ አራት ኮከብ

ሰው ስለ ስልክ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ሻምፖ አስተያየት ይጽፋል። እኔ ዛሬ ካዋሳኪ በሽታ የሚባለውን የልጆች ሕመም ስላስተዋወቀ አንድ የሕክምና ጥናት ልጽፍ ነው። ያውም ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ መጀመሪያ በጃፓንኛ የታተመ፣ ርዕሱ ብቻ ትንፋሽ የሚያሳጥር ጥናት። ቆይ፣ አትሂዱ፤ ምክንያት አለኝ።

ምክንያቴ ልጄ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ እያለ አተኮሰው። መቼም ልጅ ያተኩሳል ብለን ፓራሲታሞል ሰጠነው፤ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ክሊኒክ ወሰድኩት። ጉሮሮውን አይተው ቶንሲል ነው አሉና የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ይዘን ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ሆዱና ጀርባው ላይ ሽፍታ ወጣ። «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ተባለና ሽሮፑ ተቀየረ። በአራተኛው ቀን ሁለቱም ዓይኖቹ ደም መሰሉ። መግል የለ፣ ፈሳሽ የለ፣ ዝም ብለው ቀልተዋል። ለዓይኑ ደግሞ ጠብታ ታዘዘ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ውሃ ሲጠጣ ይደማል፤ ለሱም ቅባት። ቤታችን ትንሽ ፋርማሲ ሆነ። ሁሉም የየድርሻውን ቁራጭ አየ እንጂ ልጁን አንድ ላይ ያየው አልነበረም።

በስድስተኛው ቀን ማታ ሌላ ሆስፒታል ገባን። ተረኛዋ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ የደረደርኩትን መድኃኒት በክንዳቸው ገፋ አድርገው «ትኩሳቱ ስንተኛ ቀኑ ነው?» አሉኝ። ስድስት አልኩ። «እስቲ የኔ ጌታ፣ ምላስህን አሳየኝ።» ምላሱ እንጆሪ መስሏል፣ ቀይ ሆኖ ነጠብጣቡ ቆሟል። እጁን ገልብጠው አዩ። መዳፉ ቀልቶ አብጧል፤ እኔ እኮ ስድስት ቀን ሙሉ እጁን ይዤው ስሄድ አላስተዋልኩም። አንገቱን ዳሰሱ፤ በአንድ በኩል ንፍፊት አለ። ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩ። ዓይን፣ ከንፈር፣ እጅ፣ ሽፍታ፣ አንገት። አምስቱም ሞሉ። «የልብ ኢኮ ይሠራለት፣ አሁኑኑ» አሉ። ኢኮ ማለት ልብን በድምፅ ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ ምርመራ ነው።

«ዶክተር፣ ልቡን ደግሞ ምን አገናኘው?»

ጥያቄዬ የሞኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ይሄንን በሽታ ለዓለም ያስተዋወቁት ሰውዬ ራሳቸው መጀመሪያ ላይ እንዳልመለሱት ገባኝ። ይሄን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የተቆጠረው ዝርዝር መነሻው ከቶሚሳኩ ካዋሳኪ ነው። ጃፓናዊ ናቸው፤ ቶኪዮ ውስጥ በቀይ መስቀል ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። በ1961 መግቢያ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አራት ዓመት ያለፈው ልጅ መጣላቸው። ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የቀላ ዓይን፣ የተሰነጣጠቀ ከንፈር፣ ያበጠ አንገት። የሚያውቁትን በሽታ ሁሉ አሰቡ፣ አንዱም ልክ አልመጣም። ልጁ ድኖ ወጣ፣ በሽታው ግን ስም ሳይኖረው ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን «ዳነ አይደል፣ ምን ቸገረኝ» ብሎ ፋይሉን ይዘጋ ነበር። እሳቸው አልዘጉትም። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ «ይሄንን አይቼዋለሁ» አሉ። በዚያው በ1962 ሰባት ልጆችን ይዘው ባልደረቦቻቸው ፊት ቀረቡ። ያኔ የሰጡት ስም ሲተረጎም «ስካርሌት ፊቨር ያልሆነ፣ ቆዳ የሚያስልጥ ሕመም» እንደማለት ነው (ስካርሌት ፊቨር በባክቴሪያ የሚመጣ፣ ትኩሳትና ቀይ ሽፍታ ያለው ሕመም ነው)። ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደሆነ ገና አያውቁም፤ እሱንም ሳይደብቁ ስሙ ውስጥ አስገቡት። ይሄ ነገር ወደድኩት።

ሁሉም እሺ አላላቸውም። አዲስ በሽታ አይደለም፣ የታወቀ በሽታ መልኩን ቀይሮ ነው የሚሉ ነበሩ። ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም፣ ማለትም ብዙ ጊዜ በመድኃኒት የሚነሳ ቆዳንና አፍን የሚያቆስል ሕመም፣ ነው ያሉም አሉ። እሳቸው መልስ ከመስጠት ይልቅ ልጅ መቁጠር ቀጠሉ። 50 ሲሞላ፣ በ1967፣ ጥናቱ በጃፓን የአለርጂ መጽሔት ላይ ወጣ። ከ40 ገጽ በላይ ነው። ብቸኛው ደራሲ ካዋሳኪ ናቸው። ርዕሱን ላሳጥርላችሁ ብሞክርም አልሆነልኝም፤ በልጆች ላይ የሚታይ፣ ድንገተኛ ትኩሳት ያለው፣ ቆዳን፣ ከንፈርንና አፍን የሚነካ፣ እጢ የሚያሳብጥና የእጅና የእግር ጣቶችን ቆዳ ለየት ባለ መንገድ የሚያስልጥ ሕመም። ርዕስ ነው ይሄ። የምርመራ ውጤት ይመስላል።

እኔ ያነበብኩት በ2002 የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። 35 ዓመት ሙሉ ከጃፓን ውጪ ያለ ሐኪም ይሄን በሽታ ሲያክም የኖረው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳያነብ ነው ማለት ነው፤ ጃፓንኛ ካልቻለ በቀር። ለተርጓሚዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልግባ። የሕክምና ሰው አይደለሁም፣ የወላጅ ዓይን ነው ያለኝ፣ ስለዚህ የላቦራቶሪ ሰንጠረዦቹ ላይ አልፈርድም። እንዲያውም የተወሰኑትን ዘልያቸዋለሁ። ግን ስለ ሕመሙ መልክ የተጻፈው ክፍል ሌላ ነገር ነው። በእጅ የተሳሉ ሥዕሎች አሉበት። ሰውዬው አንድ «ሽፍታ» የሚል ቃል ጽፈው አላለፉም። የት ይወጣል፣ በስንተኛው ቀን፣ ምን ይመስላል፣ ውሃ ይቋጥራል አይቋጥርም፣ እንዴት ይጠፋል። ዓይኑ ይቀላል፣ ግን መግል አይዝም። የጣቱ ቆዳ ይላጣል፣ ግን ከየትም አይጀምርም፣ ከጥፍሩና ከሥጋው መገናኛ ነው የሚጀምረው። እኔ ይሄን ሳነብ ልጄን ነው ያየሁት። በማላውቀው አገር፣ ከመወለዴ በፊት፣ አንድ ሰው የልጄን ጣት ጽፎታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያነበብኩትን በእጄ ይዤዋለሁ። ልጄ ሆስፒታል በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ቤት ቁጭ ብለን የአውራ ጣቱን ጫፍ ሲልጥ ያዝኩት። ከጥፍሩ ሥር ቀጭን ነጭ መስመር ተነስታለች። በቀስታ ስነካት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆና፣ ሳያመው፣ ወደ መጀመሪያው የጣት አንጓ ድረስ ተገፈፈች። ከሥሯ ያለው ቆዳ አዲስ ነው፣ ሮዝ። ልጄ በጣም ነው የተደሰተው፤ «ጓንት አወለቅኩ» እያለ ለሁሉም ያሳይ ነበር። እኔ ደግሞ ደንግጬ ልደውል ነበር። ሐኪሟ ቀድመው «ይላጣል፣ አትፍሩ» ባይሉኝ ኖሮ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል እገኝ ነበር። እንግዲህ የዚያ ረጅም ርዕስ ጭራ፣ «የጣቶች ቆዳ ለየት ያለ መላጥ» የሚለው፣ ይሄ ነው። ያኔ ርዕሱ ረዘመ ማለቴን ተውኩ።

ሌላው የወደድኩት መጠየቅ መቻሉ ነው። ይሄ በሽታ ስካርሌት ፊቨር ነው? ስቲቨንስ ጆንሰን ነው? እያንዳንዱን ያነሱና ለምን እንደማይገጥም ያስረዳሉ። የኛ ሽሮፕ ለዋጮች ከዚህ ግማሹን እንኳ ቢጠይቁ! (ስም አልጠራም። እነሱም ቢሆኑ በሁለተኛው ቀን ምንም ሊያውቁ አይችሉም ነበር፣ ይሄን ልመስክርላቸው፤ ምልክቶቹ አንድ ላይ አይመጡም፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይጠፋል። በአራተኛው ቀን ግን ሊጠረጥሩ ይገባ ነበር።)

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ልብ የለበትም። ዛሬ ካዋሳኪ በሽታ ሲባል የልብ ሐኪም ነው የሚጠራው። ልብን ራሱን የሚመግቡት ደም ስሮች፣ ኮሮናሪ የሚባሉት፣ ግድግዳቸው ይቆጣል፣ ይሳሳል፣ እንደ ፊኛ ይነፋል። በተነፋው ቦታ ደም ሊረጋ ይችላል። ሳይታከሙ ከቀሩ ልጆች ከአራት አንዱ ገደማ ይሄ ይደርስበታል። የበሽታው አደጋ በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ነው። ሽፍታውም ዓይኑም በራሳቸው ይጠፋሉ። የ1967ቱ ጥናት ግን ድምዳሜው በሽታው በራሱ ጊዜ የሚድንና መዘዝ የማይተው ነው የሚል ነው።

ይሄን ሳነብ መጽሔቱን አስቀመጥኩት። ተናደድኩ ማለት ይሻላል። ምክንያቱም ፍንጩ ከዚያ በፊት ነበር። በ1965፣ ጥናቱ ሊታተም ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ኖቦሩ ታናካ የሚባሉ ፓቶሎጂስት ይሄ በሽታ አለበት ተብሎ የነበረና በድንገት የሞተ ሕፃን አስከሬን መርምረው የኮሮናሪ ደም ስሩ ውስጥ የረጋ ደም አግኝተዋል። ግንኙነቱ ግን ያኔ ተቀባይነት አላገኘም።

ከዚያ ደግሞ ራሴን ጠየቅኩ። በ1967 ምን ነበራቸው? ኢኮ በየሆስፒታሉ የለም። ልጁ ትኩሳቱ ወርዶ፣ ቆዳው ተልጦ፣ እየሳቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እየሳቀ የሄደን ልጅ ማን ይጠረጥራል? ደም ስሩ የሚነፋው ደግሞ በአብዛኛው ልጁ የተሻለው በሚመስልበት ጊዜ ነው። እኔም ብሆን ልጄ ትኩሳቱ በራሱ ቢወርድ ኖሮ ሁለተኛ ሐኪም ቤት ባልረገጥኩ።

ስህተቱን ያረሙት ሌሎችም ራሳቸው ካዋሳኪም ናቸው። ቶኪዮ ውስጥ በቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ ያማሞቶ የሚባሉ ሐኪም ልጆቹን ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ፣ ማንሳት ጀመሩ። በ1968 የ23 ልጆችን ውጤት ሲያወጡ 11ዱ ላይ የልብ ችግር ምልክት ታይቷል። ግማሽ ሊሞላ ምን ቀረው! በ1970 በመላው ጃፓን ዳሰሳ ተደረገ፣ ከበሽታው በኋላ በድንገተኛ የልብ ችግር የሞቱ አሥር ሕፃናት የአስከሬን ምርመራ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ክርክሩ አበቃ።

ቀጥሎ ያለውን ሁለተኛ ጽሑፍ አንብቡ የምለው ለዚህ ነው። በ1974 ካዋሳኪ ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር በእንግሊዝኛ በአንድ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። ስድስት ገጽ ብቻ ናት። ምልክቶቹ እንደ ድሮው አሉ፣ ግን አሁን ልብ አለ። ከታመሙት ከመቶ አንድ ወይም ሁለቱ በልብ ምክንያት በድንገት እንደሚሞቱ፣ የኮሮናሪ ደም ስራቸው ተነፍቶና ደም ረግቶበት እንደሚገኝ በግልጽ ተጽፏል። ከሰባት ዓመት በፊት «መዘዝ የለውም» ያለ ሰው በራሱ ስም «አለው» ብሎ ሲጽፍ ማየት የተለመደ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል፣ ሽሙጥ አይሁንብኝና፣ ባለ ስድስት ገጿ ደረቅ ናት። የመጀመሪያው ላይ ያለው ያ አትኩሮ ማየት የለባትም። ቶሎ ማወቅ ለሚፈልግ እሷ ትበቃለች፤ ሰውዬው እንዴት እንዳዩ ማወቅ የሚፈልግ ግን ወደ ረጅሙ ይመለስ።

ስለ ሕክምናው ከሁለቱም ጽሑፎች ብዙ አትጠብቁ። እሱ የመጣው በኋላ ነው። በ1984 ፉሩሾ የሚባሉ ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ማለትም ከብዙ ለጋሾች ደም ተጣርቶ የሚወጣ የመከላከያ ፕሮቲን፣ በደም ስር ሲሰጥ የኮሮናሪውን ጉዳት እንደሚቀንስ አሳዩ። በ1986 በአሜሪካ ሆስፒታሎች በተደረገው ሙከራ ሁለት ሳምንት ላይ አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት 23 በመቶዎቹ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ከተጨመረላቸው ደግሞ 8 በመቶዎቹ ላይ ነው ደም ስሩ ተበላሽቶ የተገኘው። ዛሬ ሕመሙ በጀመረ በአሥር ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ በክብደታቸው ልክ፣ በኪሎ ሁለት ግራም፣ ይሰጣል። ሐኪሟ መጀመሪያ «ስንተኛ ቀኑ ነው?» ያሉት ለዚህ ነበር። እኛ በስድስተኛው ደርሰናል።

ለልጄ የተሰቀለችው ጠርሙስ አረፋዋ እንዳይነሳ እየተጠነቀቁ ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ነው ያንጠባጠቧት። ነርሷ በየጊዜው እየመጣች ሙቀቱንና ግፊቱን ትለካለች። «እህቴ፣ ቶሎ አትሄድም እንዴ?» ስላት «ስትፈጥን ነው የምታስቸግረው» አለችኝ። ንጋት ላይ ግንባሩን ስነካው ቀዝቅዟል። ከስድስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሳይሆን ምግብ ጠየቀኝ።

አንድ ነገር ጥናቱ ላይ ሳይሆን አጠቃቀሙ ላይ አለኝ። ካዋሳኪ አስተውለው የጻፉት ነገር በጊዜ ብዛት የምልክት ማድረጊያ ዝርዝር ሆኗል። ትኩሳት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከአምስቱ ምልክቶች አራቱ። ጥሩ ነው፣ ልጄን ያዳነው እሱ ነው። ግን ምልክቱ ያልሞላላቸው ልጆች አሉ፣ በተለይ ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት፤ ሁለት ወይም ሦስት ምልክት ብቻ አሳይተው ልባቸው የሚጎዳ። ስለዚህ «አራት አልሞላም፣ ሂዱ» የሚል ሐኪም ጥናቱን አላነበበም፣ ዝርዝሩን ነው ያነበበው። ረጅሙን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ምልክቶቹ እንዴት ተራ በተራ እንደሚመጡና እንደሚጠፉ ስለሚያውቅ ቤተሰቡን «ትናንት ዓይኑ ቀልቶ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ ለሕክምና ተማሪ ያለ ጥርጥር። ልጁ በዚህ ታሞ ለዳነለት ወላጅም ይሆናል፣ ረጋ ብሎ። ልጁ አሁን ሲያተኩሰው ስልኩን ይዞ ለሚያነብ ወላጅ ግን አይሆንም። ዝጉትና ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። አምስት ቀን ያለፈው ትኩሳት በሽሮፕ ለውጥ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ስትሄዱ የታዩትን ምልክቶች ከነቀናቸው በወረቀት ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ፣ ሽፍታው በማግስቱ ላይኖር ይችላል።

ለዳነለት ወላጅ ሁለት ነገር ልጨምር፣ ጥናቱ ላይ ስለማታገኙት። ኢሚዩኖግሎቡሊን የወሰደ ልጅ የኩፍኝ ዓይነት ሕያው ክትባት ለ11 ወር ያህል ይዘገይለታል፣ ክትባቱ ስለማይዝ። አስፕሪን ላይ እያለ ደግሞ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ከያዘው ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ፣ አስፕሪኑና ቫይረሱ አንድ ላይ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድሮም የሚባል ሌላ መዘዝ አላቸው። እኛን ማንም አልነገረንም፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ አንብበን ነው ያወቅነው።

የበሽታው መነሻ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ካዋሳኪ በ2020 በ95 ዓመታቸው ሲያርፉም አልታወቀም ነበር።

ኮከብ። ለማስተዋሉ አምስት፣ ለድምዳሜው ሦስት። አማካዩ አራት ይሆናል፣ በሱ ጸናሁ። የልጄ ኢኮ በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በሁለተኛው ወር ተሠርቷል፤ ሦስቱም ንጹሕ ነበሩ። በሦስተኛው ላይ ባለሙያው ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ ትንሿን ጥቁር ቱቦ በጣቱ እያሳየ «ይቺ ናት፣ ሁለት ሚሊ እንኳ አትሞላም» አለኝ። ልጄ ደረቱ ላይ የተቀባው ጄል ቀዝቅዞት እየሳቀ ነበር።

ካነበባችሁት ከሥዕሎቹ ጀምሩ። ሰንጠረዦቹን ለመጨረሻ ተዉአቸው።